የጥንት ሥጋ በል አራዊት በማኅበር ያድኑ ነበርን?

በዛሬው ዘመን ልጆች በየቤቱ ከሚያነሡት ጥያቄ አንዱ ዳይኖሰር ስለሚባሉት የጥንት አራዊት ነው። በሲኒማና በሥዕል መጽሐፍ ያዩትን ይዘው «እነዚያ ሥጋ በል አራዊት እንደ ወታደር ተማክረው፥ አንዱ ከፊት አንዱ ከጎን ሆኖ ያድኑ ነበርን? ይህን ያህልስ አእምሮ ነበራቸውን?» እያሉ ወላጆቻቸውን ይጠይቃሉ። አንዳንዱ ወላጅ «አዎን፥ በሥዕሉ አይተኸው የለም?» ብሎ፥ አንዳንዱም «ይህ የፈረንጅ ተረት ነው» ብሎ ያልፈዋል። ነገሩ ግን ተረት አይደለም፤ ተረጋግጦ የተዘጋ ታሪክም አይደለም። ሊቃውንት ከ50 ዓመት በላይ የተከራከሩበት፥ እስከ ዛሬም የሚከራከሩበት ጉዳይ ነው። ስለዚህ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ የክርክሩን መነሻ፥ ለምስክርነት የቀረበውን ነገርና የምስክርነቱን ክብደት በየተራ ልናቀርብላችሁ ወደድን። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አስቀድሞ ስለ አራዊቱ ጥቂት እንናገር። ዳይኖሰር የሚለውን ስም በ1842 ከግሪክ ቋንቋ አውጥተው የሰጧቸው እንግሊዛዊው ሊቅ ሪቻርድ ኦወን ናቸው፤ ትርጓሜውም አስፈሪ እንሽላሊት ማለት ነው። ከእነርሱ ብዙዎቹ ቅጠል የሚበሉ፥ ሌሎቹም ሥጋ የሚበሉ ነበሩ። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከምድር ላይ ጠፉ፤ ይሁን እንጂ ዘራቸው ፈጽሞ አልተቋረጠም፤ በሁለት እግር ይሄዱ ከነበሩት ሥጋ በሎች ከአንዱ ወገን ዛሬ የምናያቸው ወፎች ተገኝተዋል። ኑሯቸውን በዐይኑ ያየ ሰው የለም። የቀረልን ወደ ድንጋይ የተለወጠ ዐፅም፥ ጥርስ፥ ዕንቁላልና የእግር ዱካ ነው። እንግዲህ ስለ ጠባያቸው የሚነገረው ሁሉ ከእነዚህ ድዳ ምስክሮች የሚወጣ ነው።

የክርክሩ መነሻ እንዲህ ነው። በ1964 በአሜሪካ በሞንታና ግዛት፥ ብሪጀር ከምትባለው ከተማ አቅራቢያ፥ የዬል ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር ጆን ኦስትሮም ከረዳታቸው ጋራ ዐፅም ሲፈልጉ፥ ትልልቅ ጥፍሮች ያሉት እጅ ከኮረብታው ወገብ ላይ ብቅ ብሎ አዩ። ቦታው በተቆፈረ ጊዜ እስከዚያ ቀን ድረስ በሚገባ ያልታወቀ ሥጋ በል አውሬ ተገኘ። ፕሮፌሰር ኦስትሮምም በ1969 ስለ እርሱ ሰፊ ጽሑፍ አውጥተው ዴይኖኒከስ ብለው ሰየሙት፤ በግሪክ ቋንቋ አስፈሪ ጥፍር ማለት ነው። ይህ አውሬ ከ110 ሚሊዮን ዓመት ግድም በፊት የኖረ፥ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ 3 ሜትር ያህል የሚረዝም፥ ክብደቱም ከአንድ ሙሉ ሰው ክብደት ብዙ የማይርቅ ነበር። በእያንዳንዱ እግሩ ሁለተኛ ጣት ላይ እንደ ማጭድ የቆለመመ ትልቅ ጥፍር ነበረው፤ ሲሄድም ጥፍሩ እንዳይደንዝ ያንን ጣት ወደ ላይ ያነሣው ነበር። ጅራቱ በቀጫጭን የዐጥንት ዘንጎች የጸና ስለ ሆነ ሲሮጥና ሲዘል ሚዛኑን ይጠብቅለት ነበር። ከዚያ በፊት ብዙ ሊቃውንት ዳይኖሰሮችን ዘገምተኞችና ደንቆሮዎች አድርገው ይገምቷቸው ነበር። የዚህ አውሬ አካል ግን የፈጣንና የንቁ አዳኝ አካል ስለ ነበረ አሳባቸውን እንደ ገና እንዲመረምሩ ግድ አላቸው።

በዚያው ስፍራ የተገኘው የዴይኖኒከስ ዐፅም የአንድ ብቻ ሳይሆን የበርካቶች ነበር። ከእነርሱም ጋራ ቴኖንቶሳውረስ የሚባለው ቅጠል በል ዳይኖሰር የዐፅሙ ስብርባሪ ተገኘ። ይህኛው ባደገ ጊዜ ከ6 ሜትር በላይ የሚረዝምና ወደ 1 ቶን የሚመዝን ነበር። በሌሎችም ስፍራዎች የቴኖንቶሳውረስ ዐፅም በተገኘበት የዴይኖኒከስ ጥርስ ተበትኖ መገኘቱ ተደጋገመ። ፕሮፌሰር ኦስትሮምም እንዲህ ብለው አሰቡ፤ አንድ ዴይኖኒከስ ብቻውን ከእርሱ ዐሥር እጥፍ የሚከብደውን እንስሳ ሊጥል አይችልም፤ እንግዲያስ ብዙ ሆነው ጣሉት፤ ብዙ ሆነው ከጣሉትም በማኅበር የሚያድኑ ነበሩ። ይህንኑ አሳብ በ1995 ዴዝሞንድ ማክስዌል ከተባሉት ሊቅ ጋራ ሆነው እንደ ገና አስፋፍተው ጻፉት።

አሳቡ ከሊቃውንት ጉባኤ ወጥቶ ወደ ሕዝብ ለመድረስ ብዙ አልቆየም። ማይክል ክራይተን በ1990 ባሳተሙት ልብ ወለድ መጽሐፍ፥ በ1993ም ከዚያ መጽሐፍ በተሠራው ሲኒማ፥ እነዚህ አራዊት ወጥመድ ዘርግተው ሰውን የሚያድኑ ሆነው ታዩ። በሲኒማው ቬሎሲራፕተር ተብለው የተጠሩት አራዊት በመልካቸውና በቁመታቸው የተቀዱት ከዴይኖኒከስ ነው። እውነተኛው ቬሎሲራፕተር በሞንጎልያ የኖረ፥ ክብደቱ 15 ኪሎ ያህል ብቻ የሆነ ትንሽ አውሬ ነበር። ልጆቻችን የሚጠይቁን ጥያቄ የመጣው ከዚህ ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን የአገራችንን ምሳሌ ለሰማ ሰው የኦስትሮም አሳብ ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን በችሎት ጽሕፈት ላይ የኖረ ሰው እንደሚያውቀው፥ በሬሳ አጠገብ መገኘትና በግድያው መተባበር አንድ አይደለም። ብዙዎች በአንድ ቦታ ተገኙ ማለትም በአንድ ምክር መጡ ማለት አይደለም።

በዚሁ በዳይኖሰሮች ዘንድ በመገኘት ብቻ የተፈረደበት አንድ አውሬ አለ። በ1923 የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የላካቸው ሰዎች በሞንጎልያ በጎቢ ምድረ በዳ በዕንቁላል ጎጆ ላይ የወደቀ የአንድ ዳይኖሰር ዐፅም አገኙ። ዕንቁላሉ የሌላ፥ ቅጠል በል የሆነው የፕሮቶሴራቶፕስ ነው ተብሎ ታምኖ ነበርና፥ ሄንሪ ፌርፊልድ ኦዝበርን የተባሉት ሊቅ በ1924 ያንን አውሬ ኦቪራፕተር ብለው ሰየሙት፤ ዕንቁላል ነጣቂ ማለት ነው። ከ70 ዓመት በኋላ ግን በ1993 ከዚያው ምድረ በዳ በተገኘ ተመሳሳይ ዕንቁላል ውስጥ ያልተፈለፈለ ጫጩት ታየ፤ ጫጩቱም የፕሮቶሴራቶፕስ ሳይሆን የኦቪራፕተር ወገን ሆኖ ተገኘ። በ1995ም የዚሁ ወገን አንድ አውሬ እንደ ዶሮ ዕንቁላሉን ታቅፎ እንደ ሞተ የሚያሳይ ዐፅም ተገለጸ። ሌባ የተባለው ወላጅ ነበር። ስም አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ በሊቃውንት ሕግ አይለወጥምና እስከ ዛሬ ነጣቂ እንደ ተባለ ይኖራል።

ስለ ዴይኖኒከስም በ2007 ብራያን ሮችና ዳንኤል ብሪንክማን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት እንደዚህ ያለ ተቃውሞ አቀረቡ። ምሳሌ አድርገው ካመጧቸው አንዱ በኢንዶኔዥያ ደሴቶች የሚኖረው ኮሞዶ የሚባለው ታላቅ አርጃኖ ነው። እነዚህ አርጃኖዎች የሬሳ ሽታ ሲደርሳቸው ከየአቅጣጫው እየመጡ በአንድ ሥጋ ላይ ይሰበሰባሉ። ያየ ሰው በማኅበር የገደሉት ይመስለዋል፤ ያገናኛቸው ግን ረኀብ ብቻ ነው። በሥጋው ላይ ይጣላሉ፤ ትልቁ ትንሹን ያባርረዋል፥ አንዳንድ ጊዜም ገድሎ ይበላዋል። ስለዚህ ግልገሎቹ ትልልቆቹን ፈርተው በዛፍ ላይ ያድጋሉ። እንደ ሁለቱ ሊቃውንት አሳብ፥ በሞንታና የተገኙት ዴይኖኒከሶችም በአደን ላይ አብረው የወደቁ ጓደኞች ሳይሆኑ፥ በአንድ ሥጋ ላይ ተገናኝተው እርስ በርሳቸው የተገዳደሉ ሊሆኑ ይችላሉ።

ሌላው ምስክርነት የመጣው ከካናዳ ነው። በ1910 ባርነም ብራውን የተባሉ አሜሪካዊ ዐፅም ፈላጊ በአልቤርታ ግዛት፥ ሬድ ዲር በሚባለው ወንዝ ዳር፥ አልቤርቶሳውረስ የሚባሉ ታላላቅ ሥጋ በሎች ዐፅም ተከማችቶ አገኙ። ከዚያም ጥቂቱን ብቻ ወሰዱና ቦታው ተረሳ። በ1997 ካናዳዊው ሊቅ ፊሊፕ ከሪ የብራውንን የድሮ ፎቶግራፍ ይዘው ቦታውን ፈልገው አገኙት። በተቆፈረም ጊዜ ከ12 የማያንሱ አልቤርቶሳውረሶች፥ ወጣቱም ሽማግሌውም በአንድነት ተቀብረው ተገኙ። ከሪም፥ ምናልባት ፈጣኖቹ ወጣቶች የሚታደነውን እንስሳ እያባረሩ፥ ኀይለኞቹ ሽማግሎች ይገድሉት ይሆናል ብለው አሰቡ። ነገር ግን በአሜሪካ በዩታ ግዛት፥ ክሊቭላንድ ሎይድ በሚባለው ጉድጓድ፥ አሎሳውረስ የሚባሉ ከ46 የማያንሱ ሥጋ በሎች በአንድ ቦታ ተገኝተዋል። ብዙዎች ሊቃውንት ያሰባሰባቸው ማኅበር ሳይሆን ድርቅና የረግረግ ውሃ ነው ብለው ይገምታሉ። ውሃ ሲጎድል ወዳጅም ጠላትም ወደ አንድ ኩሬ ይወርዳልና፥ የዐፅም ክምር ብቻውን የወዳጅነት ምስክር ሊሆን አይችልም።

ከዐፅም ይልቅ የተሻለ የሚናገረው የእግር ዱካ ነው፤ ዐፅም የሞትን ቀን ሲያሳይ ዱካ የሕይወትን ቀን ያሳያልና። በ2007 በቻይና በሻንዶንግ ግዛት የተገኘ አንድ ዱካ ተገለጸ። ስድስት የዴይኖኒከስ ዘመዶች ጎን ለጎን፥ ወደ አንድ አቅጣጫ፥ አንዱ የሌላውን መንገድ ሳያቋርጥ ሄደዋል። ማጭድ የመሰለው ጥፍር ያለበት ጣት ወደ ላይ ስለሚነሣ፥ በመሬቱ ላይ የታተሙት ሁለት ሁለት ጣቶች ብቻ ናቸው። ይህ ምስክርነት ጠንካራ ነው፤ ቢያንስ የዚያ ወገን አራዊት አንዳንድ ጊዜ አብረው ይሄዱ እንደ ነበር ያስረዳል። ይሁን እንጂ አብሮ መሄድ አብሮ ማደን አይደለም፤ ከፊታቸው የሚሸሽ እንስሳ ዱካ የለምና።

ደግሞም የተቃራኒው ምስክር አለ። በ1971 የፖላንድና የሞንጎልያ ሊቃውንት በጎቢ ምድረ በዳ ሁለት አራዊት ተያይዘው እንደ ሞቱ አገኙ። አንዱ ቬሎሲራፕተር፥ ሁለተኛው ፕሮቶሴራቶፕስ ነው። ሥጋ በሉ የእግሩን ጥፍር በቅጠል በሉ አንገት ላይ ሰክቷል፤ ቅጠል በሉም የሥጋ በሉን ክንድ በአፉ ይዞታል። እንዲህ እንደ ተናነቁ አሸዋ ደፈናቸው። ሲታገል በተያዘው ብቸኛ ምስክራችን ላይ የሚታየው አንድ ለአንድ ነው፤ ከጎኑ የሚረዳ ጓደኛ አልተገኘም። በዚህ ብቻ ግን ሁልጊዜ ለየብቻቸው ያድኑ ነበር ብሎ መፍረድ አይገባም፤ አንድ ቀን የዘመን ሁሉ ምሳሌ አይሆንምና።

እንግዲህ ወደ አእምሮው ጥያቄ እንምጣ። አንጎል ለስላሳ ነገር ስለ ሆነ ብዙውን ጊዜ በስብሶ ይጠፋል፤ ሊቃውንት የሚለኩት የራስ ቅሉን ባዶ ውስጥ ነው። አሜሪካዊው ሃሪ ጄሪሰን በ1973 ባወጡት መጽሐፍ የአንጎልን መጠን ከአካል መጠን ጋራ እያስተያዩ እንስሳትን የሚመዝኑበትን ሥርዓት አስፋፉ። በዚህ ሚዛን ትሩዶን የሚባለው ትንሽ ሥጋ በል ከታወቁት ዳይኖሰሮች ሁሉ ላይኛውን ደረጃ ያዘ፤ የዴይኖኒከስም ወገን ከብዙዎቹ ይሻላል። ነገር ግን ከዳይኖሰሮች መሻል ማለት ከተኩላና ከአንበሳ እኩል መሆን አይደለም፤ ትሩዶን ራሱ የሚጠጋው ዛሬ ካሉት ወፎች ዝቅተኞቹን ነው።

በ2023 ሱዛና ኤርኩላኖ ሁዜል የተባሉ የአንጎል መርማሪ፥ ቲራኖሳውረስ የሚባለው ታላቁ ሥጋ በል በፊተኛው የአንጎሉ ክፍል ከ3 ቢሊዮን በላይ የነርቭ ሕዋሳት እንደ ነበሩት፥ ይህም ከዝንጀሮ ጋራ እንደሚያስተካክለው ጻፉ። በ2024 ግን ካይ ካስፓርና ሌሎች ብዙ ሊቃውንት ተሰብስበው ቁጥሩ እጅግ የበዛ ነው ሲሉ መለሱ። ምክንያታቸውም ይህ ነው፤ በወፍ የአንጎሉ ሥጋ የራስ ቅሉን ውስጥ ይሞላዋል፤ ባደገ አዞ ግን አይሞላውም፥ ብዙው ስፍራ በሌላ ነገር የተያዘ ነው። የራስ ቅሉን ባዶ ብቻ ለክቶ ስለ አንጎል የሚናገር ሰው፥ አፎቱን አይቶ የሰይፉን ርዝመት እንደሚናገር ነው። ሁለተኛም የሕዋሳት ቁጥር ብቻ የብልሃትን ልክ አያሳይም አሉ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የጥያቄውን መሠረት እንመርምር። «በማኅበር ለማደን የሚበቃ አእምሮ ነበራቸውን?» የሚለው ቃል፥ በማኅበር ማደን ብዙ አእምሮ እንደሚፈልግ አስቀድሞ ተቀብሏል። ይህ ግን እውነት ነውን? ጠቢቡ ሰሎሞን ለሰነፍ ሰው መምህር አድርጎ ያሳየውን ገብረ ጉንዳን እንመልከት። በአፍሪካ ደን ውስጥ ዘማች ጉንዳኖች እጅግ ብዙ ሆነው ይወጣሉ፤ በመንገዳቸው ያገኙትን ነፍሳት ሁሉ ከበው ይበላሉ፤ የሚያዝዝ አለቃም የላቸውም፥ አንጎላቸውም እጅግ ታናሽ ነው። በ2011 ደግሞ ሊቃውንት በኮምፒዩተር የተኩላዎችን አደን አስመስለው ሠርተው ነበር። ለእያንዳንዱ ተኩላ ሁለት ትእዛዝ ብቻ ሰጡት፤ ወደሚታደነው እንስሳ ለራስህ የማያሰጋህን ያህል ቅረብ፤ ከቀረብህ በኋላ ከሌሎቹ ተኩላዎች ራቅ በል። ከእነዚህ ከሁለቱ ትእዛዞች ብቻ፥ ማንም ሳይማከርና ሳይጣቀስ፥ መክበብም ሆነ ደፈጣ የሚመስል ነገር ተገኘ። በአንጻሩ ነብር ብልህ አዳኝ ሲሆን ብቻውን ያድናል። እንግዲህ ያለ ብዙ አእምሮ በማኅበር የሚያድን አለ፤ አእምሮ እያለውም ብቻውን የሚያድን አለ።

ይህ ማለት አእምሮ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በናሚቢያ በኤቶሻ ሜዳ አንበሶችን የተከታተሉት ፊሊፕ ስታንደር በ1992 እንደ ገለጹት፥ ከእንስት አንበሶቹ አንዳንዶቹ ዘወትር ከክንፍ ዞረው ያባርራሉ፥ ሌሎቹ ዘወትር ከመካከል አድፍጠው ይቀበላሉ፤ እያንዳንዷ በለመደችው ስፍራ በተሰለፈች ጊዜም አደኑ የበለጠ ይሰምራል። ይህ በልምድና በመተዋወቅ የሚገኝ ጥበብ ነው። ነገር ግን ከዚህ ጥበብ በፊት የሚመጡ ሁለት ነገሮች አሉ።

አንደኛው የሚታደነው እንስሳ ነው። በአገራችን በባሌ ተራሮች የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ለዚህ ከሁሉ የበለጠ ምሳሌ ነው። ቀይ ቀበሮዎች በቤተ ሰብ ተሰባስበው ይኖራሉ፤ በማለዳና በማታ ተገናኝተው ሰላምታ ይለዋወጣሉ፥ ወሰናቸውን አብረው ዞረው ይጠብቃሉ፥ ለአንዲቱ እናት ግልገሎች ሁሉም ምግብ ያመጣሉ። ለአደን ሲወጡ ግን እያንዳንዱ ብዙውን ጊዜ ብቻውን ነው፤ ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነውና፥ ለአንድ ፍልፈል ጓደኛ አይጠራም። ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በኋላ የአንዱን ቤተ ሰብ ዐፅም በአንድ ጉድጓድ የሚያገኝ ሊቅ ቢኖር፥ እነዚህ በማኅበር የሚያድኑ ነበሩ ብሎ ይጽፍ ነበር፤ ይሳሳትም ነበር። ጅብም እንዲሁ እንደ አደኑ ይለዋወጣል። ሃንስ ክሩክ በሰሬንጌቲ ያዩትን በ1972 እንደ ጻፉት፥ የቆርኬ ዘመድ የሆነውን ዊልደቢስት ለማሳደድ አንድ ወይም ጥቂት ጅቦች ይበቃሉ፤ ለሜዳ አህያ ግን ብዙ ሆነው ይነሣሉ።

ሁለተኛውና የሚበልጠው ነገር ማዕድ ነው። አብሮ መግደል ቀላል ነው፤ ከገደሉ በኋላ ሳይገዳደሉ አብሮ መብላት ግን ከባድ ነው። ተኩላዎች ይህን የሚችሉት ቤተ ሰብ ስለ ሆኑ ነው፤ ዴቪድ ሜች የተባሉት ሊቅ እንዳስረዱት የተኩላ ማኅበር ብዙውን ጊዜ አባት፥ እናትና ልጆቻቸው ናቸው። ከወፎችም፥ ማለት ከዳይኖሰሮች ዘር፥ ሃሪስ የተባለው የአሜሪካ ጭልፊት በማኅበር ያድናል። ጄምስ ቤድናርዝ በኒው ሜክሲኮ ተከታትለው በ1988 እንደ ገለጹት፥ ከአንድ ቤተ ሰብ የሆኑ ጭልፊቶች በክረምት ተሰብስበው ጥንቸልን ያሳድዳሉ፤ አንዱ ከቁጥቋጦ ውስጥ ሲያስወጣ ሌሎቹ በውጭ ይጠብቃሉ፤ ሲይዙም ሥጋውን ይካፈላሉ። ኮሞዶው ያጣው ይህንን ነው። ለአደኑ የሚበቃ ጉልበት አለው፥ ግልገሉን የሚያበላበት ማዕድ ግን የለውም።

ስለዚህ ስለ ዴይኖኒከስ ልንጠይቅ የሚገባን «ምን ያህል ያውቅ ነበር?» ከማለት በፊት «ልጁን ያበላ ነበርን?» ብለን ነው። ለዚህ ጥያቄ በ2020 ከጥርስ ውስጥ መልስ የሚመስል ነገር ተገኘ። ጆሴፍ ፍሬደሪክሰንና ባልደረቦቻቸው የዴይኖኒከስን ትንንሽና ትልልቅ ጥርሶች ወስደው በውስጣቸው ያለውን የካርቦን ዓይነት መረመሩ፤ አንድ እንስሳ የበላው ምግብ በጥርሱ ላይ ምልክቱን ይተዋልና። ወላጅ እያመጣ የሚያበላው ግልገል ከወላጁ ጋራ አንድ ምግብ ስለሚበላ ምልክታቸው አንድ ይሆናል። የዴይኖኒከስ ትንንሽ ጥርሶች ግን ከትልልቆቹ የተለየ ምልክት ነበራቸው። ልጁ የሚበላው ሌላ፥ ትልቁ የሚበላው ሌላ ነበር፤ ይኸውም ለራሱ ታናናሽ እንስሳትን እየለቀመ እንደሚያድግ እንደ አዞ ግልገል ነው። ከዚህ ተነሥተው፥ ዴይኖኒከስ እንደ ተኩላ በቤተ ሰብ ማኅበር የሚያድን አይመስለንም ሲሉ ደመደሙ።

ይህ ምስክርነት ከባድ ነው፤ ነገር ግን ሁሉን አይዘጋም። ያደጉት ዴይኖኒከሶች በመካከላቸው አልፎ አልፎ አልተባበሩም የሚል ማስረጃ አይደለም። የአንዱ ዘር ጠባይም የሌላው አይሆንም፤ አንበሳና ነብር ዘመዳሞች ሳሉ አንዱ በማኅበር አንዱ በብቸኝነት ይኖራሉ። በአልቤርታ ወጣትና ሽማግሌ በአንድ ቦታ መገኘታቸው፥ በሻንዶንግም ስድስቱ ጎን ለጎን መሄዳቸው በቦታው የጸና ነው። ቅን ዳኛ ቢጠየቅ ለዴይኖኒከስ የሚሰጠው ፍርድ «በማኅበር ማደኑ አልተመሰከረም» የሚል ነው። ይህም «በማኅበር አላደነም» ከማለት የተለየ መሆኑን ፍርድ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል።

ክቡራን አንባቢዎች፥ ይህን ሁሉ የዘረዘርነው ስለ ጠፉ አራዊት ብቻ ብለን አይደለም። ዛሬ በጉልበታችሁ ላይ ተቀምጦ የሚጠይቃችሁ ልጅ ነገ በወንበር ላይ ተቀምጦ በሰው ላይ ይፈርድ ይሆናል፤ ወይም በሹመት ሆኖ የሰዎችን ክስ ይሰማ ይሆናል። በዚያን ጊዜ አምስት ሰዎች በአንድ ቦታ ተገኙ ሲባል «እንግዲያስ ተማክረዋል» ብሎ የሚቸኩል ዳኛ እንዳይሆን፥ የታየውንና የተገመተውን መለየት ከአሁኑ መልመድ ይገባዋል። ለዚህም ትምህርት፥ ልጁ ራሱ በፍቅር ከሚያነሣው ከዚህ ነገር የተሻለ መጀመሪያ አይገኝም። «ዐፅማቸው በአንድ ቦታ ተገኝቷል፤ ይህን አይተናል። አብረው እንደ ገደሉ ግን ገና አላየንም። አንተስ ምን ምስክር ትፈልጋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። የሚመልሰውንም ታግሣችሁ ስሙት። ዕንቁላሉን ታቅፎ የሞተው አውሬ ነጣቂ ተብሎ የቀረው፥ ይህ ጥያቄ ሳይጣራ ስም ስለ ወጣለት ነው።